በቤቷ የምትበደል ሴት በሕግ ስላላት መጠጊያ

ትዳር የሰው ልጅ ኑሮ የመጀመሪያው ማኅበር ነው። ሰው ወደ ትምህርት ቤትም ሆነ ወደ አደባባይ የሚወጣው አስቀድሞ በቤቱ ከታነጸ በኋላ ነው። ስለዚህ ቤት የዕረፍት ስፍራ መሆኑ ቀርቶ የዱላና የስድብ ስፍራ በሆነ ጊዜ ጕዳቱ በሴቲቱ አካል ላይ ብቻ ተወስኖ አይቀርም፤ ይህን እያዩ በሚያድጉት ልጆችም ላይ ይደርሳል።

በሀገራችን በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች መካከል ከመቶው 34ቱ በባሎቻቸው የመደብደብ፣ የመደፈር ወይም የመዋረድና የመዛት በደል ደርሶባቸዋል። ከዚህም ይልቅ የሚያሳስበው ሌላው ቍጥር ነው፤ ይኸውም የመደብደብ ወይም የመደፈር በደል ከደረሰባቸው ሴቶች ውስጥ ከመቶው 66ቱ ርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም ሰው አልተናገሩም። ከሚናገሩት ጥቂቶች አንዷ ወደ ነፍስ አባቷ በመጣች ጊዜ እንግዲህ የምታገኘው ምክር እጅግ ከባድ ነገር ነው።

አንዲት ሴት ከቅዳሴ በኋላ ነጠላዋን በፊቷ ላይ ሳብ አድርጋ ቀርባ «አባ፣ በቤቴ መቀመጥ አልቻልሁም» ስትል ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ «ልጄ፣ ታገሢ፤ ትዳርሽን አክብሪ» የሚል ነው። መልሱ በክፋት የሚሰጥ አይደለም፤ ካህኑ የትዳሩ መፍረስ ስለሚያሳዝነው ነው። ነገር ግን ይህን የሰማች ሴት በዚያው ሌሊት ወደዚያው ቤት ትመለሳለች፤ ዳግመኛም ለሌላ ሰው ለመናገር ድፍረት አታገኝም። ስለዚህ በትዕግሥትና በዝምታ መካከል ያለውን ልዩነት መረዳት ያስፈልጋል።

ፍቅር ታጋሽ መሆኑን ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈው ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ ስለ ወንጌል ብዙ ጊዜ ተገርፏል። ሆኖም በኢየሩሳሌም ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜ፣ ያልተፈረደበትን ሮማዊ መግረፍ በሕግ ተፈቅዶ እንደ ሆነ የመቶ አለቃውን ጠየቀ፤ በኋላም ይግባኙን ወደ ቄሣር አቀረበ። ይህ ሁሉ በሐዋርያት ሥራ በምዕራፍ 22 እና 25 ተጽፎ ይገኛል። ሐዋርያው የሕግን ጥላ መፈለጉ ከእምነት ጕድለት ካልተቈጠረበት፣ ከዱላ ለማምለጥ ወደ ዳኛ የምትሄደውን ሴት ማን ይወቅሳታል? ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅም የመጀመሪያይቱን የቆሮንቶስ መልእክት በተረጐመበት በ26ኛው ድርሳኑ፣ ባል ሚስቱን በመምታቱ የሚዋረደው መቺው እንጂ ተመቺዋ እንዳልሆነች አስተምሯል፤ በዘመኑ የነበሩ የአሕዛብ ሕጎች ስንኳ የተደበደበችውን ሴት ከደብዳቢዋ ጋር እንድትኖር እንደማያስገድዷት ጠቅሶ ክርስቲያን የሆነውን ባል አሳፍሮበታል።

እንግዲህ የሀገራችን ሕግ ለተበደለችው ሴት ያዘጋጀውን መጠጊያ በአጭሩ እንመልከት።

1ኛ/ ድብደባ የቤት ገመና ሳይሆን ወንጀል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564፣ በትዳር ጓደኛው ወይም ያለ ጋብቻ አብራው በምትኖር ሴት አካል ወይም አእምሮ ላይ ጕዳት ያደረሰ ሰው፣ በሌላ ሰው ላይ ጕዳት እንዳደረሰ ሁሉ በአካል ጕዳት አንቀጾች እንዲቀጣ ይደነግጋል። ስለዚህ ሴቲቱ ፍቺ ሳትጠይቅም ለፖሊስ ማመልከት ትችላለች።

2ኛ/ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎ ነበር፤ የፍቺንም ነገር የሚያዩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስት የመከባበር፣ የመደጋገፍና የመረዳዳት ግዴታ እንዳለባቸው በአንቀጽ 49 ደንግጎ፣ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋልና ሴቲቱ የክልሏን ሕግ ጠይቃ መረዳት ይገባታል።

3ኛ/ የፍቺ አቤቱታ ሲቀርብ ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ለማስታረቅ ይሞክራል፤ ከሦስት ወር የማይበልጥ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል። ለተደበደበች ሴት ይህ የመቆያ ጊዜ እጅግ አስጊ ነው። ስለዚህ በአንቀጽ 82 መሠረት ስለ ራሷና ስለ ልጆቿ ቀለብ፣ ስለ ልጆቹ አያያዝና ስለ ንብረቱ አስተዳደር ጊዜያዊ ትእዛዝ እንዲሰጥላት ከአቤቱታዋ ጋር አንድ ላይ ማመልከት አለባት። ከሁለቱ አንዱ ቤቱን ለቅቆ እንዲወጣ ማድረግ ያስፈለገ እንደ ሆነ፣ ዳኛው የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጐዳውን ወገን ሁኔታ እንዲመለከት ሕጉ ያዛል። ብዙ ሴቶች ይህን ባለማወቅ ልጆቻቸውን ይዘው በባዶ እጃቸው ይወጣሉ።

4ኛ/ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት፣ የባል የግል ሀብት መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ ነው፤ በፍቺም ጊዜ እኩል ይካፈላል። ቤቱ በባል ስም ብቻ መመዝገቡ ይህን አይለውጠውም። ባልየው ንብረቱን እንዳይሸጥ የሚያሰጋ ነገር ካለ የእግድ ትእዛዝ መጠየቅ ይቻላል። ከዚህም በላይ ለትዳሩ መፍረስ ጥፋተኛ የሆነው ወገን ለተጐዳችው ካሣ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ በአንቀጽ 84 ሊወስን ይችላል።

5ኛ/ ድኽነት ከፍርድ ቤት ደጅ አይከለክልም። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ የዳኝነት ገንዘብ መክፈል የማይችል ሰው ድኽነቱን አስረድቶ በደኃ ደንብ እንዲከስ ይፈቅዳል።

ምሪትና ጥብቅና የሚሰጡ ማኅበራትም አሉ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለተበደሉ ሴቶች ነፃ የሕግ ምክር በመስጠት የታወቀ ነው። የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር በአዲስ አበባ ለተጐዱ ሴቶችና ለልጆቻቸው መጠለያ አቋቁሟል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናና የሕግ ርዳታ በአንድ ስፍራ የሚገኝበት ክፍል ተከፍቷል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም በየከተማው ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሎች አሏቸው።

አባቶች ካህናት ከዚህ ሁሉ ውስጥ ድርሻቸው ምንድን ነው? አስቀድሞ ሴቲቱን ባልዋ በሌለበት ብቻዋን መስማት ነው፤ በፊቱ ብትጠየቅ እውነቱን ልትናገር አትችልምና። ሁለተኛ፣ አካሏ የተጐዳ እንደ ሆነ ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም እንድትሄድ መምከር ነው፤ ቍስሉ ከዳነ በኋላ ያለ ሐኪም ማስረጃ በፍርድ ቤት ማስረዳት ያስቸግራልና። ሦስተኛ፣ የተጠጋችበትን ቤት ለማንም፣ ለሽማግሌም ቢሆን፣ አለመግለጥ ነው። አራተኛ፣ ጋብቻው በቤተ ክርስቲያን የተፈጸመ እንደ ሆነ የምስክር ወረቀቱን ሳይዘገዩ መስጠት ነው፤ ወረቀቱ ባይኖር ስንኳ ጋብቻው በምስክሮች ሊረጋገጥ እንደሚችል ይንገሯት።

ሽምግልና መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ዱላው ሳይቆም፣ በደለኛውም በደሉን ሳያምን፣ ሴቲቱን ወደ ቤቷ የሚመልስ ሽምግልና ዕርቅ አይባልም። የቁርባን ጋብቻ መንፈሳዊ ነገር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚታይ ነው፤ ይሁን እንጂ ያ እስኪታይ ድረስ የሴቲቱ ሕይወት በአደጋ ላይ መዋል የለበትም። ባልየውም የነፍስ ልጅ ነውና አይጣል፤ ግን ንስሓው በቃል ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ ዱላውን ከመተው ጋር ፍርድን መቀበልንና የልጆቹን ቀለብ በጊዜው መክፈልን እንዲጨምር ይምከሩት። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ በምዕራፍ 3፣ ሚስቱን የማያከብር ባል ጸሎቱ እንደሚሰናከልበት ማስጠንቀቁን ይህ ሰው ሊሰማው ይገባል።

ስለዚህ በየአጥቢያው ያላችሁ አባቶችና ሰንበቴ የምትጠጡ ምእመናን፣ በአካባቢያችሁ የሚገኘውን የሕግ ርዳታ ስፍራና ፍርድ ቤት አስቀድማችሁ ዕወቁ። የተበደለች ሴት በመጣች ጊዜ «ታገሢ» ብላችሁ አትመልሷት፤ አንድ የታመነች እናት አስከትላችሁ ወደ ሐኪሙና ወደ ዳኛው ላኳት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።