በቡና ጥላ ሥር ያለ ፊት፦ የሲኒማቶግራፊ መመረቂያ ጽሑፍ እንዴት ይዋቀር?

ስለ ሲኒማቶግራፊ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምር ተማሪ ብዙ ጊዜ «የብርሃን ሚና በኢትዮጵያ ፊልም» የሚል ሰፊ ርእስ ይይዛል። ርእሱ ሲሰፋ ምዕራፎቹ ከመማሪያ መጽሐፍ የተቀዳ ትርጓሜ ይሞላባቸዋል። የጽሑፍ መዋቅር የሚወጣው ከጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም በካሜራ ሊፈተን የሚችል ይሁን።

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ልጅ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከደጁ ያገኘዋል። በበበቃም ሆነ በቴፒ የቡና እርሻ ቡናው የሚያድገው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ቅጠል ቀዩንና ሰማያዊውን ብርሃን በብዛት ይውጣል፤ ከአረንጓዴው ግን የበለጠ ያሳልፋል። ስለዚህ የቡና ለቃሚዋ ፊት በካሜራ ላይ ወደ አረንጓዴ ያደላል። በቅጠሎቹ መሃል የሚወርደው ጨረር ከጥላው በ4 ስቶፕ ከበለጠ ደግሞ 16 እጥፍ ይደምቃል ማለት ነው። ለጨረሩ ከለካን ፊቷ ይጨልማል፤ ለፊቷ ከለካን ጨረሩ ነጭ ሆኖ ዝርዝሩ ይጠፋል። ጥያቄው እዚህ ላይ ይወለዳል፦ በቡና ጥላ ሥር የጠይም ሰው ፊት መልኩን ሳያጣ እንዴት ይቀረጽ?

ምዕራፍ 1 ይህን ችግር በአጭሩ ያስረዳል።

ምዕራፍ 2 የቀደሙ ሥራዎችን በዚሁ ጥያቄ ይመረምራል። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976 እ.ኤ.አ.) እና የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» (2021 እ.ኤ.አ.) ሁለቱም ጥቁርና ነጭ ናቸው፤ የቅጠሉ አረንጓዴ ፊት ላይ አይታይባቸውም። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015 እ.ኤ.አ.) ግን ባለቀለም ነው። ሦስቱን ማነጻጸር የጥናቱን ክፍተት ያሳያል። የፊልሙን ታሪክ ከመተረክ ይልቅ አንድ ትዕይንት መርጣችሁ ብርሃኑ ከየት እንደመጣ፣ ጥላው የት እንደወደቀ ጻፉ።

ምዕራፍ 3 ሙከራው ነው፤ ጊዜያችሁን የምታውሉት እዚህ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ሌንስ ያዙ። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ ቅረጹ። ሚዛንና ቴፒ ባሉበት በ7 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ በመጋቢትና በነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የዓይን ጉድጓድ ይጨልማል። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ እየለወጣችሁ ድገሙት፦ መጀመሪያ ያለ ምንም እገዛ፣ ቀጥሎ በነጭ ጨርቅ፣ ከዚያም በመብራት። ጨርቁን ጥላው ውስጥ ከዘረጋችሁት ያንኑ አረንጓዴ መልሶ ይረጫል፤ ፀሐይ ከምትገባበት ገላጣ ቦታ ዘርጉት። የቀለም ሙቀቱን (ኬልቪን)፣ አይኤስኦውን፣ የሌንስ ክፍተቱንና የሸተር ፍጥነቱን በየቀረጻው መዝግቡ። ግራጫ ካርድም በየቀረጻው መጀመሪያ ላይ ይታይ፤ ያለ እሱ የቀለም ንጽጽሩ አይታመንም።

ምዕራፍ 4 ምስሎቹን ጎን ለጎን አቅርቦ ይተነትናል። ከየምስሉ ሥር መለኪያው ይጻፍ፤ «ውብ ሆነ» የሚለው ቃል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የተቀረጸው ሰው ምስሉን ሲያይ የራሱን መልክ አገኘው ወይ? ይህንንም ጠይቁና መልሱን አስፍሩ።

ምዕራፍ 5 መልሱንና የመልሱን ወሰን ይናገራል፤ በቡና ጥላ የተገኘው ውጤት ለሜዳ ላይሠራ ይችላል።

በመጨረሻ እያንዳንዱን አንቀጽ ከጥያቄው ጋር አገናዝቡ፤ የማይመልሰውን ሰርዙ። የደቡብ ምዕራቡን ጫካ ብርሃን ከእናንተ በላይ የሚያውቀው የለምና፣ እውቀቱን ሌላው ካሜራማን ሊሠራበት በሚችል መልኩ ጻፉት።