ኮሌስትሮል ወዳጅ ነው ወይስ ጠላት?

ኮሌስትሮል ሲባል ጮማና ቅቤ ብቻ ከታያችሁ የነገሩ ግማሽ ቀርቶባችኋል። የሰውነታችን ሴሎች ሽፋናቸውን የሚያጠነክሩት በኮሌስትሮል ነው፤ አብዛኛውንም የሚሠራው ራሱ ሰውነታችን ነው፣ በተለይ ጉበት።

በደም ውስጥ ኮሌስትሮልን ተሸክሞ የሚዞረው ኤልዲኤል ይባላል። ሴሎች ደግሞ ይህን ጭነት የሚቀበሉበት «በር» አላቸው። በአሜሪካ ዳላስ ከተማ በሩን ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን በ1985 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ከ250 ሰዎች አንዱ ያህል በዘር በሚወርስ ችግር በሩ ጎድሎት ይወለዳል። ጭነቱ ደም ውስጥ ይቀርና የደም ሥርን ግድግዳ ያጠባል። እንዲህ ያለው ሰው ቀጭን፣ ጮማም የማይነካ ቢሆን እንኳ በ40 ዓመቱ ልቡን በድንገት ሊታመም ይችላል። ከሁለቱም ወላጆች የወረሰውማ ገና በልጅነቱ። ስለዚህ ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ ልቡን የታመመ ካለ ወንድምና እህት፣ ልጆችም ጭምር ደማቸውን ይመርመሩ።

ነቀርሳስ? የነቀርሳ ሴል ቶሎ ቶሎ ስለሚባዛ ለአዲስ ሽፋን ብዙ ቅባት ይሻል፤ ራሱም ይሠራል፣ ከደምም ይስባል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከኮሌስትሮል የሚገኝ አንድ ንጥረ ነገር እንደ ኤስትሮጅን ሆርሞን እየሠራ በአይጦች ላይ የጡት ነቀርሳን እንደሚያፋጥን አሳይቷል። ይህ ግን የኮሌስትሮል ኪኒን ነቀርሳን ይፈውሳል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ።

ኪኒኑ ለልብ ታዝዞላችሁ ከሆነ ረመዳን ሲገባ አታቋርጡት። በቀን አንዴ የሚወሰድ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ መዋጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።