ጡቴን ያመኛል፤ ለማን ልንገር?

ጥርስ ሲያም ወይም ራስ ሲመታ ለጓደኛ መናገር ማንንም አያሳፍርም። ሕመሙ ጡት ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ለእናቷ እንኳ ሳትናገር ለወራት ችላ የምትቀመጥ ሴት ተማሪ ብዙ ናት። በአንድ በኩል «ካንሰር ቢሆንስ?» የሚል ፍርሃት አለ፤ በሌላ በኩል «ቤተሰቤ ማሳከሚያውን ከየት ያመጣል?» የሚል ጭንቀት። በዚህ ትምህርታችን ሁለቱንም ጥያቄዎች በየተራ እናያለን።

ሕመሙ ከየት ይመጣል?

በወጣት ሴቶች ላይ በጣም የተለመደው ከወር አበባ ጋር የሚመላለሰው ሕመም ነው። ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉ ሆርሞኖች በየወሩ መጠናቸው ከፍና ዝቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ጡት ያብጣል፣ ይከብዳል፣ ሲነካም ያማል። ይህ ዓይነቱ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጡቶች ላይ፣ በተለይም ወደ ብብት በሚጠጋው የላይኛው ክፍል ይሰማል። የወር አበባ ከመምጣቱ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ይጀምርና የወር አበባው ሲመጣ ይቀላል። በሽታ አይደለም።

ከወር አበባ ጋር የማይገናኝ ሕመምም አለ። ጀሪካን ተሸክማ የምትመላለስ ወይም ስፖርት የምታዘወትር ልጅ ያመማት ጡቷ ሳይሆን ከሥሩ ያለው የደረት ጡንቻ ሊሆን ይችላል። የጠበበ ጡት መያዣም ያሳምማል። ሆርሞን ያለባቸው የእርግዝና መከላከያዎችም እንዲሁ። የወር አበባ ከቀረና ጡት ካመመ ደግሞ እርግዝና ሊኖር ስለሚችል መመርመር ያስፈልጋል። ግንኙነቱ ያለ ኮንዶም የተፈጸመ ከሆነ በዚያው አጋጣሚ የኤች አይ ቪ ምርመራም ማድረግ ብልህነት ነው።

ወንዶችስ? በጉርምስና ወቅት የብዙ ወንዶች ጡት ከጫፉ ሥር ትንሽ ያብጣል፣ ያማልም። ይህም የሆርሞን ለውጥ ውጤት ነው፤ በአብዛኛው በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ በራሱ ይጠፋል። የክፍል ጓደኛችሁን «ሴት ሆንክ» ብላችሁ አትቀልዱበት።

አልማዝ ባለጭራን እንወቅ

በደረት አንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል ሕመም ተሰምቶ ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው መስመር ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎች ከወጡ አልማዝ ባለጭራ ሊሆን ይችላል። መነሻው በልጅነት ጉድፍ ካስያዘን በኋላ በነርቭ ውስጥ ተደብቆ የሚቆይ ቫይረስ ነው። ማንንም ሊይዝ ይችላል። ነገር ግን የሰውነት የመከላከል አቅም ሲዳከም ስለሚቀሰቀስ፣ በወጣትነት ዕድሜ ሲታይ ባለሙያዎች የኤች አይ ቪ ምርመራ እንዲደረግ ይመክራሉ። ሕክምናው ሽፍታው በወጣ በ3 ቀን ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ስለዚህ «ይድናል» ብላችሁ አትቆዩ።

ካንሰር ቢሆንስ?

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ቢሆንም ከ20 ዓመት በታች ባሉ ልጃገረዶች ላይ እጅግ አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። ሌላ ምልክት የሌለው ሕመም ብቻውን የካንሰር ምልክት የሚሆነውም ከስንት አንዴ ነው። እንዲያውም የካንሰር እብጠት በጅማሬው ብዙ ጊዜ አያምም። ስለዚህ «ስላላመመኝ ችግር የለም» ማለትም ስህተት ነው። የሚከተሉት ከታዩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፦

• በጡት ወይም በብብት ውስጥ የሚዳሰስ እብጠት (በወጣቶች ላይ አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ቢሆንም መታየት አለበት)፤
• ከጡት ጫፍ የሚወጣ ደም ወይም ፈሳሽ፤
• የቆዳ መሰርጎድ ወይም የጡት ጫፍ አዲስ ወደ ውስጥ መግባት፤
• መቅላት፣ መጋልና ትኩሳት፤
• በአንድ ቦታ ላይ ተወስኖ እየባሰ የሚሄድ ሕመም።

በእስክሪብቶና በደብተር የሚደረግ ምርመራ

ከላይ ያሉት ምልክቶች ከሌሉ ለሁለት ወር ያህል በየቀኑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ቀኑን፣ ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት እንደሆነ፣ የወር አበባ መኖር አለመኖሩን። ለምሳሌ «ጥቅምት 12፣ 6፣ የለም» ተብሎ ይጻፋል። ሕመሙ የወር አበባን ተከትሎ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል። ለሐኪሙም ከብዙ ወሬ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋል። ምንም ወጪ የለውም።

በአነስተኛ ወጪ የት እንታከም?

1. መጀመሪያ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አማክሩ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ ነው፤ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ሴቶች ስለሆኑ ለመናገር አይከብድም።

2. ቀጥሎ የመንግሥት ጤና ጣቢያ አለ። ሴት ባለሙያ ትየኝ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ የወጣቶች አገልግሎት ክፍል ያላቸውም አሉ። የኤች አይ ቪ ምርመራ በነፃ ነው።

3. ቤተሰባችሁ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆኑን ጠይቁ። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ የተስፋፋ ሲሆን፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በቤተሰቡ አባልነት ይታከማሉ። ልብ በሉ፦ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው በራሳችሁ ሊሆን ይችላል።

4. የመክፈል አቅም ለሌለው ቤተሰብ የነፃ ሕክምና አሠራር ስላለ ቀበሌን ጠይቁ።

5. «ወዲያው ማሞግራም ተነሺ» ብትባሉ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ምስል ካስፈለገ በቅድሚያ የሚመረጠው አልትራሳውንድ ነው።

ያበጠ ጡትን በምላጭ ማስበጣት ግን ፈጽሞ አይገባም። ኢንፌክሽን ያመጣል፤ ምላጩ ሌላ ሰው የተበጣበት ከሆነ ደግሞ ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። የተረፈ አንቲባዮቲክ ከጎረቤት ተቀብሎ መዋጥም መፍትሔ አይደለም።

እህቶቻችን፣ ሕመማችሁን የምትነግሩት አንድ የምታምኑት ሰው ምረጡ፤ እናት፣ አክስት ወይም ሴት መምህር። በሽታን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ? ቶሎ የተናገረች ብዙ ጊዜ የምታወጣው የካርድ ብቻ ነው።

ለክበባችሁ የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በአካባቢያችሁ ልጃገረዶች ስለ ጡት ሕመም እንዳይናገሩ የሚያደርጋቸው ምንድን ነው?
ለ. በቅርባችሁ ያለው ጤና ጣቢያ ለተማሪ የሚመች ሰዓት አለው? ሄዳችሁ ጠይቁና ለክፍላችሁ ንገሩ።