የቧንቧ ውኃ፣ የነፃ ምርመራ ሻጭና የምድር ቤት አየር፤ በትንሽ ከተማ ቤት ለሚይዙ ወገኖች

በሚኒሶታዋ ወርዚንግተንም ሆነ በደቡብ ዳኮታና በአዮዋ የሥጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ ባለባቸው ትንንሽ ከተሞች አዲስ የገባ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አስቀድሞ የሚጠይቀው የቧንቧው ውኃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚለውን ሲሆን፣ ጥያቄው ከቅዳሴ በኋላም፣ በለቅሶ ቤትም፣ በፋብሪካው ምሳ ክፍልም እየተደጋገመ ቀድመው የገቡትን አሰልችቷል። መልሱ አጭር ነው። ውኃው በከተማው መሥመር የሚመጣ ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው የፌዴራል የመጠጥ ውኃ ደኅንነት ሕግ መሠረት እየተመረመረ የሚቀርብ ነው፤ አቅራቢውም በውኃው ውስጥ የተገኘውን የሚዘረዝር ሪፖርት በየዓመቱ እስከ ጁላይ 1 ለደንበኞቹ የማድረስ ግዴታ አለበት። ውኃው ከግል ጉድጓድ በፓምፕ የሚሳብ ከሆነ ግን ይህ ሕግ አይደርስበትም፤ ባለቤቱ ካላስመረመረ የሚጠይቀው የለም፣ የሚያስጠነቅቀውም የለም።

ከከተማ ወጣ ብሎ የእርሻ ቤት የተከራየ ወይም የገዛ ቤተሰብ የጉድጓዱን ውኃ በየዓመቱ ለኮሊፎርም ባክቴሪያና ለናይትሬት፣ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ ለአርሴኒክና ለእርሳስ ግዛቱ ፈቃድ በሰጠው ላቦራቶሪ ማስመርመር ይኖርበታል። ከእነዚህ መካከል ማብራሪያ የሚያስፈልገው ናይትሬት ነው። ናይትሬት ከማዳበሪያና ከከብት እበት ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚሰርግ፣ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው ውሑድ ሲሆን፣ የተፈቀደው ጣሪያ በናይትሮጅን መጠን ሲለካ በሊትር 10 ሚሊግራም ነው፤ ከዚያ ባለፈ ጊዜ በተለይ ከስድስት ወር በታች ባለ ሕፃን ላይ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፣ ሕፃኑም ይጠቁራል፣ ሊሞትም ይችላል። የፈረቃ ሥራ ጡት ማጥባት ያስቋረጣት እናት የዱቄት ወተቱን የምትበጠብጠው በዚሁ ውኃ ነው። ከአገር ቤት የመጣው ልማድ ውኃን አፍልቶ መጠጣት ነውና ብዙዎች ካፈሉት በኋላ ይተማመናሉ፤ ማፍላት ግን ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አያጠፋም፣ ይልቁንም ውኃው በተነነ ቁጥር የቀረው ናይትሬት ይበልጥ ይጠናል። በወንጂ፣ በመተሐራ ወይም በዝዋይ አካባቢ ያደገ ሰው የጠራ ውኃም ሊጎዳ እንደሚችል ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም፤ በስምጥ ሸለቆ ጥርስን ያበለዘውና አጥንትን የጎዳው ፍሎራይድ ኩልል ባለ ውኃ ውስጥ የነበረ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1986 በፊት በተሠሩ ቤቶች የቧንቧው መጋጠሚያ እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል ለምግብና ለመጠጥ ቀዝቃዛውን መሥመር ብቻ መጠቀምና ውኃው ካደረ በኋላ ጥቂት ጊዜ አፍስሶ መቅዳት ይበቃል፤ ሕፃን ያለበት ቤት ግን ያስመርምር።

የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ የሚጠፋው ከዚህ ሁሉ ውጪ ባለ ነገር ነው፤ በውኃው ሳይሆን በውኃው ስም በር በሚያንኳኳ ሻጭ። ነገሩ በገበያ አዳራሽ በር ላይ በሚሞላ የዕጣ ወረቀት ወይም በስልክ በሚቀርብ «ነፃ የውኃ ምርመራ» ይጀምራል። ሻጩ ሻንጣውን ከፍቶ ሁለት ብርጭቆ ይደረድራል፤ በአንዱ የቤቱን የቧንቧ ውኃ፣ በሌላው ራሱ ያመጣውን የተጣራ ውኃ ይሞላና የብረትና የአሉሚኒየም ዘንጎች ያሉትን መሣሪያ ነክሮ ኤሌክትሪክ ሲለቅበት፣ የቧንቧው ውኃ ወዲያው ቡናማ ጭቃ ይሆናል፣ የተጣራው ግን እንደጠራ ይቀራል። እናት ይህን አይታ ልጇን ወደ ደረቷ ትስባለች፤ ሻጩ የሚፈልገውም ይህችን ቅጽበት ነው። ቡናማው ነገር በውኃው ውስጥ የነበረ ቆሻሻ ሳይሆን ኤሌክትሪኩ ከዘንጉ ላይ የሸረሸረው ብረት፣ ማለትም ዝገት ነው። የተጣራው ውኃ የማይለወጠው ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ማዕድናት ስለሌሉት ብቻ ነው፤ ቁንጥር ጨው ቢጨመርበት እርሱም ይደፈርሳል፣ በማዕድኑ የሚወደደው አምቦ ውኃም በዚሁ መሣሪያ ቢፈተን መርዝ ተብሎ በተደፋ ነበር።

ሌላው ስልት ውኃው ላይ ጠብታ አንጠባጥቦ ነጭ ዝቃጭ ማሳየት ነው። ዝቃጩ ካልሲየምና ማግኒዚየም ነው፤ እነዚህ ማዕድናት የበዙበት ውኃ፣ በአገሩ አጠራር ሃርድ ዋተር፣ ሳሙና አላረፋ ይላል፣ በማንቆርቆሪያና በጀበና ውስጥ ቅርፊት ይጋግራል፣ ጤናን ግን አይጎዳም። ለዚህ የሚሸጠው ሶፍትነር የተባለ ዕቃ ካልሲየሙን አስወጥቶ በምትኩ ሶዲየም የሚያስገባ ነውና የልብስና የውኃ ማሞቂያ ወዳጅ ሊሆን ይችላል፤ ናይትሬትን ግን አያወጣም፣ ባክቴሪያ አይገድልም፣ ደም ግፊት ላለባቸውና ጨው ለተከለከሉ እናትና አባትም ሐኪም ሳይጠየቅ የሚጠጣ አይደለም።

ይህን ዕቃ በብዙ ሺህ ዶላር ብድር የሚያስፈርመው ግን የሳይንስ አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታም ነው። ሻጩ ደጅ ካለፈ በኋላ እንግዳ ነው፤ ቡና ይፈላለታል፣ ፈንዲሻ ይቀርብለታል፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የደከመን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት ነውር መስሎ ይታያል። ሻጩ የወገን ልጅ ከሆነ፣ በኮሚሽን ተቀጥሮ የሚያውቃቸውን ቤቶች በየተራ የሚዞር ከሆነ፣ ነገሩ ይብሳል፤ «ለልጆቻችሁ ጤና ትሳሳላችሁ?» ሲባል አባወራው በሚስቱና በልጆቹ ፊት አቅሜ አይፈቅድም ለማለት አፉ ይያዛል። ከዚህም በላይ የሚያሳፍረው ውሉን የሚያነበው የአሥር ዓመት ልጅ መሆኑ ነው፤ ልጁ የወለድን ትርጉም ሳያውቅ «በወር ትንሽ ነው የሚከፈለው» ብሎ ይተረጉማል፣ ወላጁም ይፈርማል። ወለዱ ሲደመር ክፍያው ከዕቃው ዋጋ እጅግ ያልፋል፤ አንዳንዱ ውል ደግሞ ዕዳውን በቤቱ ላይ ያስመዘግባልና ቤቱ በሚሸጥበት ዕለት ብቅ ይላል። ለአገር ቤት እናት በየወሩ የሚላከው ገንዘብ መቀነስ የሚጀምረው፣ ቅያሜውም የሚከተለው ከዚህ ፊርማ በኋላ ነው፤ አገር ቤት ያለው ዘመድ ግን ስለ ሶፍትነር አልሰማም፣ የሚያውቀው ልጁ መጨከኑን ነው።

የፈረመ ሰው መውጫ አለው። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ሽያጭ በገዢው ቤት ሲፈጸም፣ ገዢው እስከ ሦስተኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ ምክንያት ሳይጠየቅ ውሉን እንዲሰርዝ ይፈቅድለታል፤ በዚህ ቆጠራ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው፣ እሑድና የፌዴራል በዓላት ግን አይቆጠሩም። ስረዛው በጽሑፍ ሆኖ ደረሰኝ በሚያስገኝ ፖስታ ይላክ፤ ለሻጩ ስልክ ደውሎ «እንነጋገርበት» ማለት ቀኑን ከማስበላት በቀር ፋይዳ የለውም። ላቦራቶሪ ያረጋገጠው ናይትሬት ወይም እርሳስ ካለ ደግሞ ከኩሽና መታጠቢያው ሥር የሚገጠም፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባል ማጣሪያ በጥቂት መቶ ዶላር ይገዛል፤ ዕቃው ላይ ኤንኤስኤፍ 58 የሚለው የደረጃ ምልክት መኖሩንና የተገኘውን ብክለት በስም መጥቀሱን ማየት ያስፈልጋል።

በሚታይ ዝቃጭ የደነገጠው ይኸው ቤተሰብ ስለማይታየው አደጋ አይጠይቅም። ራዶን በአፈርና በድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ የሚፈጠር፣ ቀለምና ሽታ የሌለው ራዲዮአክቲቭ ጋዝ ነው። ከመሬት በወለል ስንጥቅና በቧንቧ ቀዳዳ እየሾለከ ወደ ቤት ይገባል፤ በተለይ በክረምት ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ቤቱ የአፈሩን አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ሲተነፍሱት ከእርሱ የሚወለዱት ቅንጣቶች ሳንባ ላይ ተጣብቀው ጨረር ይለቃሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በሚያቀርበው ግምት ራዶን በአገሪቱ በየዓመቱ ለ21,000 ያህል የሳንባ ካንሰር ሞት ምክንያት ሲሆን፣ ከሲጋራ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው፤ ሲጋራ ለሚያጨስ ሰው ሁለቱ ተደማምረው አደጋውን ያከብዱታል። የአዮዋ ካውንቲዎች በሙሉ በኤጀንሲው ካርታ ከፍተኛ በሆነው ምድብ ውስጥ ናቸው፤ በሚኒሶታም ከአምስት ቤት በሁለቱ መጠኑ እርምጃ ከሚያስፈልገው ደረጃ በላይ ነው።

እዚህ ላይ የቤዝመንት ጉዳይ ይነሣል። ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ቤት ሲገዛ የተጠናቀቀ ቤዝመንት ያለውን ይመርጣል፤ የምድር ቤቱ አልጋ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ የታወቀ ነው። ለስድስት ወር በቪዛ የመጡ እናት፣ አዲስ የገባ የአጎት ልጅ፣ ለሞርጌጁ ማገዣ ኪራይ የሚከፍል ወጣት እዚያ ያድራሉ። ራዶን ብዙውን ጊዜ የሚበዛው በዚሁ በታችኛው ፎቅ ነው። እናትን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ለጎረቤት የሚያኮራ መኝታ ቤት አዘጋጀሁ የሚል ልጅ የዚያን ክፍል አየር ሳይለካ ቀርቶ ከሆነ ኩራቱን ለጊዜው ያቆየው።

መለኪያው ከ20 እስከ 30 ዶላር ገደማ ያወጣል፤ በብዙ ካውንቲዎች የጤና ቢሮ በነፃ ወይም በርካሽ ይገኛል። በርና መስኮት ለ12 ሰዓት ከተዘጋ በኋላ ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛ ወለል፣ ከኩሽናና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ፣ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ይቀመጥና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ውጤቱ በሊትር 4 ፒኮኩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ማስተካከል ግድ ነው። «ጎረቤቴ ለክቶ ምንም አልተገኘም» የሚለው መልስ ዋጋ የለውም፤ አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ሁለት ቤቶች ውጤታቸው እጅግ ሊራራቅ ይችላል። በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ቤት ሻጭ ስለ ራዶን የሚያውቀውን ለገዢው የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ ለክቶ ማቅረብ ግን አይገደድም። ስለዚህ በጨረታ ፉክክር ተቻኩሎ ኢንስፔክሽን የሚተው ገዢ፣ ከሻጩ ዋጋ ላይ ሊያስቀንስ ይችል የነበረውን ወጪ በራሱ ላይ ይጭናል። ተከራይ የሆነም ውጤቱን ለአከራዩ በጽሑፍ ያስታውቅ።

ማስተካከያው ከወለሉ ሥር ያለውን አየር በቱቦና በማያቋርጥ ማራገቢያ ስቦ ከጣራ በላይ ማስወጣት ሲሆን፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ ከ1,500 እስከ 3,000 ዶላር ይፈጃል፤ ለልጅ ምርቃት አዳራሽ ተከራይቶ ከሚደገሰው ድግስ አይበልጥም። ሥራው ካበቃ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ ዳግመኛ መለካት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ መድገም ያስፈልጋል። በቱቦው ላይ የሚንጠለጠለው የዩ ቅርጽ ያለው የፈሳሽ መለኪያ በየወሩ ይታይ፤ የሁለቱ ጎን ፈሳሽ እኩል ከሆነ ማራገቢያው ቆሟል ማለት ነውና ባለሙያው በዚያው ቀን ይጠራ።