ውጤቱ ለማን ይነገር?

ሥራው ምንድን ነው?

ካንሰር የታመመች ሴት ሆስፒታል ስትመጣ ሐኪሙ እብጠቱን ይመረምራል። የጤና ሥነ ልቦና ባለሙያዋ ደግሞ እብጠቱን ይዛ ወደ ቤቷ የምትመለሰዋን ሴት ታያለች። ትተኛለች? ትበላለች? ቀጠሮዋን የሚያስቀራት ፍርሃት ነው፣ ባሏ ነው ወይስ የመሳፈሪያ ገንዘብ? «አይዞሽ» ማለቱን ጎረቤትም ያውቅበታል። የባለሙያዋ ድርሻ ከሕክምናው የሚያስቀራትን ነገር ከእሷ ጋር ፈልጎ ማግኘትና አብሮ መላ መምታት ነው።

በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ግምት መሠረት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር፣ ከ7 ሺህ በላይ ደግሞ በማህፀን በር ካንሰር ተይዘዋል።

ቤተሰብ ሲደብቅ

ከኩርሙክ ወረዳ ወደ አሶሳ የመጣች አንዲት የበርታ እናት እናስብ። ሐኪሙ የሚናገረው አማርኛ ነው፤ እሷ የምታውቀው በርታኛ ብቻ ነው። አብሯት የመጣው ልጇ ያስተረጉማል። ሐኪሙ «ካንሰር ነው» ሲል ልጁ «ትንሽ ቁስል ነው እማዬ፣ መድኃኒት ይሰጡሻል» ይላታል።

ይህን ልጅ ውሸታም ማለት አይገባም። በብዙ የአገራችን ክፍል ክፉ ወሬ በድንገት አይነገርም። መርዶ እንኳ በማለዳ፣ ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው የሚረዳው። ልጁ በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ከዚህ አንዱንም አላገኘም።

ነገር ግን መርዶ የሞተ ሰው ወሬ ነው። የካንሰር ውጤት በሕይወት ያለች ሴት ወሬ ነው፤ ባለቤቱም እሷ ናት። «ትንሽ ቁስል» የተባለች እናት ጡቷን ለምን ታስቆርጣለች? ኬሞ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ተጀምሮ ጸጉሯ ሲረግፍም መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው ብላ ብትቀር ማን ይፈርድባታል?

ስለዚህ ባለሙያዋ ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ትጠይቃለች፦ «እናቴ፣ ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ማንስ አብሮዎት ይስማ?» እናትየው «ለወንድሜ ንገሩት» ካለች ምርጫዋ ይከበራል። ራሷ መርጣ መተዋና ሳታውቅ ከእሷ መደበቁ ፈጽሞ አይገናኙም።

አስተርጓሚው ልጇም ባሏም ባይሆን ይመረጣል። የማህፀን በር ካንሰር ያለባት ሴት ስለሚፈሳት ደም ወይም ከባሏ ጋር ስትገናኝ ስለሚያማት ነገር በልጇ አፍ ልትናገር አትችልም። ቋንቋውን የምትናገር ነርስ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትፈለግ። በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ በሚነገሩበት ክልል ይህ የሕክምናው አካል ነው ብዬ አምናለሁ።

ጭንቀት በምን ቃል ይመጣል?

«ይጨንቅዎታል?» ብላችሁ ብትጠይቁ «ደኅና ነኝ፣ ተመስገን» ልትባሉ ትችላላችሁ። በ1970ዎቹ ከወሎ በሠፈራ ወደ አሶሳ ከመጡ ቤተሰቦች መካከል ያለች እናት ግን «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «ልቤ ይደልቃል» ትል ይሆናል። ይህ አነጋገር ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘልቅ፣ የምግብ ፍላጎት ሲጠፋና ለልጆቿም ያላት ፍቅር ሲደበዝዝ ድባቴን እንጠረጥራለን። መሞትን ታስብ እንደሆነም በግልጽ ይጠየቃል። መጠየቅ ሐሳቡን በውስጧ አይተክለውም።

በቃላችንም እንጠንቀቅ። በፖለቲካ ንግግር የሚጠሉትን ሰው «የአገር ነቀርሳ» ማለት ተለምዷል። ነቀርሳ የያዛት ሴትም ያንን ንግግር በሬዲዮ ትሰማለች።

«ከየት አመጣሽው?»

የማህፀን በር ካንሰርን በአብዛኛው የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። ይህ ሲሰማ ቤት ውስጥ ጥርጣሬ ይገባል። ለባልና ሚስቱ አብረው ሊነገራቸው የሚገባው፣ ቫይረሱ አብዛኛው ሰው በሕይወት ዘመኑ የሚያገኘው መሆኑ፣ ካንሰሩም በቫይረሱ ከተያዙ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚመጣ መሆኑ ነው። ከአንድ ባሏ በቀር ወንድ የማታውቅ ሴትም ትታመማለች። ሕመሙ የማንንም አለመታመን አይመሰክርም።

የሚያስመልሰው በር

ለተማሪዎቼ ከሁሉ አብልጬ የማስተምረው ይህንን ነው። አንዳንድ ሴት ኬሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ከወሰደች በኋላ መርፌው ሳይነካት፣ ገና የሆስፒታሉን በር ስታይ ያስመልሳታል። ቤተሰብ «ፈርታ ነው» ይላል። ነገሩ ግን ሩሲያዊው ተመራማሪ ፓቭሎቭ በውሾቹ ያሳየው ትምህርት ነው። አካሏ የበሩን መልክና የአልኮሉን ሽታ ከማቅለሽለሹ ጋር አያይዞ ተምሮታል። የተማረውን ደግሞ ማስረሳት ይቻላል። በሩ ጋ ከመድረሷ በፊት ቀስ ብሎ መተንፈስንና ጡንቻን አጥብቆ መልቀቅን ቤቷ ሆና ትለማመድ። ሐኪሟም የማስመለስ መከላከያ መድኃኒቱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በደንብ ይስጣት።

ምግብም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ኢሊን በርንስታይን የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ኬሞ ከመውሰዳቸው በፊት አዲስ ዓይነት አይስክሬም የበሉ ሕፃናት ቆይቶ እንደጠሉት አሳይታለች። ስለዚህ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ የምትወድ እናት በኬሞው ቀን እሱን አትብላ። ለሌሎቹ ቀናት ይቆያት።

ከመሄዷ በፊት

ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ወረፋውም ወራት ይፈጅ ነበር። አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ በምዕራብ ወለጋ የሚያልፈው መንገድም በጸጥታ ችግር የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ጨረር ደግሞ ለሳምንታት በየቀኑ መገኘትን ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ማረፊያ የማታገኘው ዘመድ ትፈልጋለች፣ ወይም ትመለሳለች።

ስለዚህ ከመሄዷ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ከብዙ ምክር ይበልጣል። ልጆቹን ማን ያበላል? ማሽላው ሲደርስ ማን ይሰበስባል? ስልክ በየትኛው ቀን ይደወላል፣ የሚያነሳውስ ማን ነው? የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ በስም ተጽፎ፣ ከሪፈር ወረቀቱ ጋር ታጥፎ በእጇ ይያዝ።