ስኮፕ የተገጠመለት የአየር ጠመንጃ ለምን ይስታል?

ጥያቄ፦ አፈሙዙ ታጥፎ የሚጎርስ ባለ 4.5 ሚሊሜትር የአየር ጠመንጃ አለኝ። ስኮፕ ከገጠምኩለት ወዲህ በ20 ሜትር ርቀት አንዱ ጥይት ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ላይ ይሄድብኛል። ስኮፑን ደጋግሜ ባስተካክለውም ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለጊዜው የስኮፑን ማስተካከያ አይንኩት። ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ከመሃል ቢርቁ ኖሮ ጥፋቱ የማስተካከያው ይሆን ነበር። የእርስዎ ግን ተበታትነዋል፤ የላላ ነገር አለ፣ አለዚያም አያያዝዎ ይለዋወጣል።

ጠመንጃው አለመጉረሱን አረጋግጠው የሰደፉን ብሎኖች ያጥብቁ። አፈሙዙ የሚታጠፍበት መገጣጠሚያም ሲዘጋ ወደ ጎን መነቃነቅ የለበትም።

ከዚያ ወደ ስኮፑ ይምጡ። ምላጩ ሲሳብ በጠመንጃው ውስጥ ያለው ሞላ ፒስተኑን ወደፊት ይወረውረዋል፤ ጠመንጃው መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ፒስተኑ ሲቆም ደግሞ ወደፊት ይመታል። ይህ የሁለት አቅጣጫ ምት ለባሩድ ጠመንጃ የተሠራን ጥሩ ስኮፕ እንኳ ከውስጥ ሊሰብረው ይችላል። ስለዚህ በሞላ ለሚሠራ የአየር ጠመንጃ የተዘጋጀ ስኮፕ፣ እንዳይንሸራተት የሚያግድ ችንካር ካለው ማቀፊያ ጋር ይግዙ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን አያያዝ ላይ ነው። ጥይቱ ከአፈሙዙ ሳይወጣ ጠመንጃው መንቀሳቀስ ስለሚጀምር ጨብጦ መያዝ ይጎዳል። በተከፈተ መዳፍ ላይ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ያሳርፉት፤ ጠንካራ ነገር ላይ አያስደግፉት። የተለያየ ክብደት ያላቸው የእርሳስ ጥይቶችንም ይሞክሩ።

በመጨረሻ ስኮፑን አውርደው በብረት ማነጣጠሪያው 10 ጥይት ይተኩሱ። ከተሰበሰቡ ጥፋቱ የስኮፑ ወይም የማቀፊያው ነው።