የልጆች ቋሚ ጥርስ አበቃቀል

ልጆች ሆይ፥ ሰው በዕድሜው ሁለት ጊዜ ጥርስ ያበቅላል። ፊተኛው የወተት ጥርስ ይባላል፤ ቍጥሩም 20 ነው። ሁለተኛው ቋሚ ጥርስ ነው፤ በቅሎ ሲፈጸም 32 ይሆናል። የወተት ጥርስ ቢወልቅ ምትክ አለው፤ ቋሚ ጥርስ ግን አንድ ጊዜ ከወለቀ ሌላ አይበቅልም። ስለዚህ አመጣጡን ማወቅ ይገባል።

ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው የታች የፊት ጥርሶቹ ይነቃነቃሉ። ይህም ደዌ አይደለም፤ አዲሱ ጥርስ ከታች ሲመጣ የወተቱ ጥርስ ሥር ቀስ በቀስ ስለሚያልቅ ነው። ከ7 እስከ 8 ዓመት የላይኞቹ የፊት ጥርሶች፥ ከ9 እስከ 12 ዓመት ክራንቻዎች ይወጣሉ። አዲሱ ጥርስ ከፊተኛው ይልቅ ትልቅና ወደ ብጫ የሚያደላ ነው፤ የፊቶቹም ጫፍ እንደ መጋዝ ሊሆን ይችላል። በዚህ አትደንግጡ።

ዳሩ ግን ይህን አስተውሉ። በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶች ሁሉ በስተኋላ 4 መንጋጋዎች ይወጣሉ። አንድም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚመጡ፥ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስሏቸዋል፤ ቢቦረቦሩም «ሌላ ይተካል» ብለው ይተዋሉ። የአምደወርቅ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ቆሎ የሚቈረጥመው ግን በእነዚሁ ነው።

ከዚህ የባሰ ጉዳት ደግሞ አለ። ሕፃን ሲያተኵሰውና ሲያስቀምጠው፥ ያበጠውን ድዱን አይተው «ግግ ነው» በማለት ድዱን ቧጠው ገና ያልበቀለውን ጥርስ የሚያወጡ ሰዎች አሉ። ትኵሳቱንና ተቅማጡን ያመጣው ጥርሱ አይደለም። በዚህ ሥራ ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፥ ቍስሉም ይመረቅዛል፤ ከሥሩ የተሰወረው የቋሚው ክራንቻ ቡቃያም ይበላሻል። የታመመ ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ያላችሁ ሁሉ ይህን ለእናትና ለአባታችሁ ንገሩ።

የዋግ ማር መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን ጣፋጭ ነገር ጥርስ ላይ ከቈየ ጥርስን ያቦረቡራል። ስለዚህ ከበላችሁ በኋላ አፋችሁን በንጹሕ ውሃ ተጕመጥመጡ። ጧትና ማታም ጥርሳችሁን፥ ይልቁንም የኋለኞቹን መንጋጋዎች፥ በመፋቂያ ወይም በብሩሽ አጽዱ።

ጥያቄ።
1ኛ፤ በ6 ዓመት የሚወጡት መንጋጋዎች ስንት ናቸው? ስለ ምንስ ይዘነጋሉ?
2ኛ፤ የሕፃንን ድድ መቧጠጥ ምን ጉዳት ያመጣል?